ከመስኮቱ ራቁልኝ

ትውልዴ አምደወርቅ ነው፤ ሥራዬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአፈር ሳይንስ ማስተማር። ሦስት ቋንቋ አለኝ። ከእናቴ እናት ጋር በኽምጣና፣ ከቀረው ዘመድና ከገበያው ጋር በአማርኛ፣ ከደመወዜ ጋር በእንግሊዝኛ እነጋገራለሁ።

ከደመወዜ ጋር ያለኝ ንግግር ቁጥብ ነው። ክፍል እገባና «ኦኬ ስቱደንትስ፣ ቱደይ ዊ ዊል ሲ ኢንፊልትሬሽን» እላለሁ። ይህች ዓረፍተ ነገር ለዓመታት አብራኝ ስለኖረች አትከዳኝም። ወዲያው «እንግዲህ ይሄ ማለት...» ይከተልና ውሃው ወደ አፈሩ የሚሰርገው በአማርኛ ይሆናል። በየመሀሉ «ክሊር?» እላለሁ፤ «የስ!» ይሉኛል። «ኤኒ ኩዌስሽን?» ስል ደግሞ በሆዴ «አቤቱ፣ አፋቸውን ያዝልኝ» እያልኩ ነው። ከአራት ዓመት በፊት አንዱ እጁን አወጣ። ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ጀመረ፤ መንገድ ላይ እሱንም አላበው፣ እኔንም አላበኝ። «ቬሪ ጉድ ኩዌስሽን» አልኩና ለክፍሉ በሙሉ አሳይመንት አድርጌ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ እጅ ያወጣ የለም። ልጁን ጓደኞቹ ለአንድ ሳምንት እንዳኮረፉት በኋላ ሰማሁ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ እንግሊዝኛ ነው ብሏል። ፖሊሲውና ክፍሉ ግን እንደተኳረፉ ወንድማማቾች ለቅሶ ላይ ብቻ ነው የሚገናኙት። ለቅሶው ፈተና ነው።

የእኔን እንግሊዝኛ ያሳደገችው የቴሌቪዥን ትምህርቷ ፕላዝማ ናት። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሁለተኛ ደረጃ የነበረ ሰው ያስታውሳታል፤ ደቡብ አፍሪካ ተሠርታ በሳተላይት ትመጣ ነበር። አስተማሪዋ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች፣ እኛ «ምንድን ነው ያለችው?» እየተባባልን ሳለ «ዌል ደን!» ብላ ታልፋለች። አፌን ሳልከፍት የተመሰገንኩት በሕይወቴ ያኔ ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙት መምህራችን ጠመኔ አንስተው በአማርኛ ያስረዱናል፤ ትምህርቱ የገባኝ መብራት በጠፋ ቀን ነው።

እንግሊዝኛ አያውቅም እንዳትሉኝ። አውቃለሁ፤ ጽፌበታለሁ፣ ተመርቄበታለሁ። ዲፓርትመንታችን ውስጥ አንድ ህንዳዊ ባልደረባ ነበረን። ከእሱ ጋር ሻይ ይዘን ስለ ልጁ ሠርግ፣ ስለ በርበሬያችን፣ ስለ ኪራይ ቤቱ ጣሪያ አንድ ሰዓት ሙሉ በእንግሊዝኛ እናወራለን። ግሱን ስሰብር አይሰማም፤ እሱም ሲሰብር አልሰማም። ሦስተኛ ሰው፣ ያውም ሐበሻ፣ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ግን እንግሊዝኛዬ ከጉሮሮዬ ይመለሳል። የምፈራው ፈረንጅ አይደለም። ፈረንጅ ሐሳቡን ካገኘ ይበቃዋል፤ ሐበሻው የሚጠብቀው ስህተቱን ነው። አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለ ላብራቶሪ በጀት ስናገር «ዲስከስ አባውት» አልኩ። «ዲስከስ» ብቻውን እንደሚቆም አውቃለሁ፤ ለተማሪዎቼም አርሜያለሁ፤ ግን ወጣ። ይኸው እስከ ዛሬ ካፌ ስገባ «አባውት መጣ» ይሉኛል። በጀቱን ያስታወሰ የለም። የሚገርመው ስብሰባው የሚካሄደው በአማርኛ፣ ቃለ ጉባኤው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው።

ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነው። በመስኮቱ በኩል የባልደረባ ጥላ ሲያልፍ ካየሁ ቦርዱን እየጠረግሁ ዝም እላለሁ። ብዙ ጊዜ የጠረግሁት ቦርድ ምንም አልተጻፈበትም ነበር።

እንግሊዝኛውን ማን አመጣብን ለምትሉ፣ በ1943 ዓ.ም. የተመረቀውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሩት ካናዳዊው ጀስዊት ዶክተር ሉሲየን ማት ናቸው። ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነበር፤ ሰውየው ግን አፋቸውን የፈቱት በፈረንሳይኛ ነው። ገና ከመነሻው የተውሶ ነበር ማለት ነው፤ እኔን ብቻ ምን አሸማቀቀኝ?

ለፋሲካ አምደወርቅ ሄድኩ። በማግሥቱ ጠዋት አንዲት ፈረንጅ ከወረዳው የግብርና ባለሙያ ጋር እርከን ልታይ መጥታ በእኛ ግቢ በኩል አለፈች። «ጉድ ሞርኒንግ» አለች። አያቴ በኽምጣና «ምን አለች?» አለችኝ። «እንደምን አደራችሁ ነው፣ እማማ» አልኳት። እማማ ቀና አለችና ልክ እንደ እሷ አድርጋ «ጉድ ሞርኒንግ» አለቻት፤ ፈረንጇ አጨበጨበች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ«ሞርኒንግ» መጨረሻ የምትሰማው ድምፅ አንዲት ናት፤ በአፍንጫ ትወጣለች፣ «ግ» የላትም። አማርኛ ለብቻዋ አያውቃትም። ኽምጣና ግን ያውቃታል፤ የቋንቋው ስም ራሱ ውስጥ አለች። በአማርኛ ስንጽፈው «ና» ብለን እናልፋታለን፤ ፈረንጆቹ ኤንና ጂ ደርበው ይጽፏታል፤ እማማ እንዳለች አውጥታ ትላታለች። እኔም ከእማማ ጋር ሳወራ እላታለሁ። እንግሊዝኛ ስናገር ግን «ግ»ዋን እንደ ችካል እመታታለሁ፤ ምክንያቱም ልጅ ሆኜ በደብተሬ «ሞርኒንግ» ብዬ የጻፍኩት በፊደል ነው። እንግሊዝኛ የገባብኝ በአማርኛ በር ነው። የጓሮ በር እንዳለን የነገረኝ የለም።

ፈረንጇ ወደ እኔ ዞረች። ከእነዚህ እርከኖች በኋላ ከዝናቡ ምን ያህሉ ወደ አፈር ይሰርጋል? ብላ ጠየቀችኝ። ኢንፊልትሬሽን! የዕለት እንጀራዬ! አፌን ልከፍት ስል ከኋላዋ የቆመውን ባለሙያ አየሁት። ተማሪዬ ነበር፤ ያውም ያ እጅ የወጣበት ክፍል።

«ቬሪ ጉድ ኩዌስሽን» አልኩ።

«አሳይመንት ነው፣ መምህር?» አለኝ በአማርኛ፣ እየሳቀ።

ከዚያ እሱ ራሱ ቀጠለ። ግሱ ተሰበረ፣ ጊዜው ተዘበራረቀ፤ በእጁ ተዳፋቱን ያሳያል፣ ጎንበስ ብሎ አፈር ይዘግናል፣ የጎደለውን ቃል በኽምጣና ይሞላል። ፈረንጇ ሁሉንም ጻፈች። የተናገረው ትክክል ነበር፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ በአማርኛ።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ክፍል አለኝ። ተማሪዎቼ፣ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፣ በፈለገው ቋንቋ። እኔም በእንግሊዝኛ ለመመለስ አስቤያለሁ፣ «ግ»ዋን ሳልመታ። ባልደረቦቼ ግን እባካችሁ፣ በዚያ ሰዓት በመስኮቱ በኩል አትለፉብኝ።