ባቄላና ሽንብራ

በአንድ ጫካ፣ ከትልቅ ዋርካ ሥር፣ የእንስሳት ሊቃውንት ሸንጎ ነበረ። ከዕለታት አንድ ቀን ከሊቃውንቱ አንዱ ሞተና መቀመጫው ባዶ ቀረ። ማን ይተካው ተብሎ ሲፈለግ ሁለት ብቻ ተገኙ።

አንደኛው ሽማግሌው የሌሊት ወፍ ነው። ቤቱ የቤተ ክርስቲያን ጣራ ነው፤ ኪዳን ሳይሰማ አይተኛም። በጨለማ ድምፁን ይለቃል፣ የተመለሰለትን ያዳምጣል፣ ከዚያም ዛፉ የት እንደቆመ፣ ገደሉ ከየት እንደሚጀምር ይናገራል። ተሳስቶ አያውቅም።

ሁለተኛዋ እመት ምስጥ ናት። ከሌላ አገር የመጣች፣ ባሏን በመንገድ ላይ ሰኮና ረግጦባት መበለት የሆነች። አብዛኛው ሠራተኛ ምስጥ ዕውር ነውና እርሷም ዓይን የላትም። ጣራው በሚያፈስ ዳስ ውስጥ ዓመታት ተቀምጣ፣ ከተራራ ሥር የወጣ ጥቁር አፈር ክምር በክምር ስትፈጭ፣ ስታጥብ፣ ስታጣራ ኖረች። ከዚያ ሁሉ አፈር ከጤፍ ብዙ የማትበልጥ አንዲት ቅንጣት ወጣች። ቅንጣቲቱ እሳት ሳይነካት ትሞቃለች፣ ሙቀቷም አይቆምም፤ ምስጧ ያወቀቻት በዚህ ነው። በሌሊት ያለፉት ደግሞ ከዳሱ ሰማያዊ ብርሃን ሲወጣ አይተዋል። የምስጧ እግሮች ተላልጠው ቆስለዋል፤ ከምን እንደሆነ ግን ብዙም አላሰበችበትም።

እንግዲህ ሸንጎው ጆሮን ከቅንጣት ጋር አመዛዝኖ ቢመርጥ ተረቱ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ነገር ግን ቁራና አውራ ዶሮ ነበሩ።

ቁራ ኖኅ ከመርከቡ ከሰደደው ጀምሮ አልተመለሰም፤ «እኔ ያየሁትን እንጂ የተነገረኝን አልቀበልም» እያለ ይኖራል። አውራ ዶሮ ደግሞ ጫካውን ለጸሎት የሚያነቃው እርሱ ነውና ጸሎቱ የራሱ ይመስለዋል። ቁራ ከቅርንጫፍ ላይ ሆኖ «እመት ምስጥ ጸሎት አታውቅም! እርሷ የገባች ቀን የእነ ዶሮ ዘመን አበቃ!» ብሎ ጮኸ። ዶሮም ከአጥር ላይ ሆኖ «የሌሊት ወፍ ካልገባ ጫካው ሃይማኖቱን ተቀማ!» ብሎ መለሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ በወንዝ ዳርም፣ በግጦሽም፣ በገበያም ወሬው ይኸው ሆነ። አንዱ ምስጧ ከየትኛው ነገድ እንደሆነች ከራሱ ፈጥሮ አወራ፤ ሌላው የሌሊት ወፍን ወፍ ነው ወይስ አይጥ እያለ ዘለፈው። ወደ ዳሱ ሄዶ ቅንጣቲቱን ያየ፣ ወይም ከጣራው ሥር ቆሞ የሌሊት ወፍን በረራ የተመለከተ ከሁለቱም ወገን አንድም አልነበረም። እኔ ከሁለቱ የምታዘበው ቁራን ነው። ያላየሁትን አልቀበልም እያለ፣ አንድ ቀን እንኳ ሄዶ ያላያትን ምስጥ ባንዲራው አደረጋት።

ለምርጫ በተሰበሰቡ ጊዜ ሙክት በግ ተነሣ። «ወንድሞቼ፣ ነገሩ የሃይማኖት አይደለም፤ የወግ ነው። እንስት ከዚህ ዋርካ ሥር ተቀምጣ አታውቅም። ንቦች እንኳ የሚገዛቸው ንጉሥ ነው!»

ከአበባ ላይ ያለች ንብ ሳቀች፤ ግን ድምፅ ስላልነበራት ሳቋ በመዝገብ አልገባም። በጉንም አትፍረዱበት። ታላቁ አርስቶትል የንብ መንጋን የሚመራው ንጉሥ ነው ብሎ ጽፏል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንዱ ያን ስዋመርዳም ያንን «ንጉሥ» ሰንጥቆ በአጉሊ መነጽር ሲያየው ሆዱ የእንቁላል ማኅደር ሆኖ ተገኘ። በመካከሉ ስንት ቀፎ ተከፈተ፣ ስንት ማር ተቆረጠ! ሲያይ የኖረው ልማድ እንጂ ዓይን አልነበረም።

በጉ ሲቀመጥ ከዶሮ ወገን ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ከቁራም ወገን ጥቂቶች ነቀነቁ። በፈጣሪ ጉዳይ ዓመት ሙሉ የተሰዳደቡት በዚህ አንድ ነገር ሳይነጋገሩ ተስማሙ።

ለምስጧ ባቄላ፣ ለሌሊት ወፍ ሽንብራ በእንስራ ተጣለ። ሲቆጠር ሽንብራው በሁለት በለጠ።

በዚያው ሌሊት የሌሊት ወፍ ወደ ዳሱ መጣና ከማገሩ ላይ ተንጠለጠለ።

«ልጄ፣ ላጽናናሽ አልመጣሁም። ሥራሽን ላይ ነው።»

«ይግቡ አያ። ጣራው ያፈሳል እንጂ እንግዳ አይከለክልም።»

ወደ ቅንጣቲቱ ተጠግቶ ክንፉን ዘረጋ። ሙቀቱ ሲሰማው ብዙ ዝም አለ። «ይህ ከየት ይመጣል?»

«ከራሷ ነው። እርሷ ከየት እንዳመጣችው ግን ገና አላወቅሁም።»

«እኔ ብሆን እግዚአብሔርን አመሰግን ነበር።»

«እኔ ደግሞ እንደገና እመዝናታለሁ።»

«ማመስገን መመዘንን ይከለክላል እንዴ?»

«አይከለክልም አያ። እኔ ግን እናቴንና እህቴን በልጅነቴ ከቀበርኩ ወዲህ ጸሎት ከአፌ አልወጣ አለኝ። ስጠራ የሚመልስልኝ አጣሁ።»

«እኔ ስጠራ ይመለስልኛል። በጨለማ የኖርኩት በዚያ ነው።»

«አይቆጡኝ እንጂ፣ የሚመለስልዎ የራስዎ ድምፅ እኮ ነው።»

«የራሴ ነው። ግን ልጄ፣ ከፊቴ አንዳች ነገር ባይቆም ይመለስልኝ ነበር?»

ምስጧ እጇ ላይ ያለውን አፈር አስቀመጠች። «አይመለስም ነበር። እዚህ ላይ ልክ ነዎት» አለች። «ድምፅዎ አንዳች ነገር እንዳለ ይነግርዎታል። ያ ነገር ይስማዎት አይስማዎት ግን አይነግርዎትም። ግድግዳም ሊሆን ይችላል።»

የሌሊት ወፍ ሳቀ። «ለዚህ መልስ የለኝም። ነገ ማታ ይዤ ልምጣ?»

«ይምጡ። እኔም የእርስዎን ሳስብበት እውላለሁ።»

በማግስቱ መጣ፤ በሠልስቱም መጣ። እርሷ አላመነችም፣ እርሱም አልካደም። ዶሮ ምስጧን «ከሃዲ» ሲላት ግን የሌሊት ወፍ «ቅንጣቲቱን አይተሃል?» ብሎ ጠየቀው፤ ዶሮ ዝም አለ። ቁራም የሌሊት ወፍን «የጉልላት ተባይ» ሲለው ምስጧ «ዓይንህን ሸፍነህ በጫካው መካከል ብረርና ከዚያ ተናገረው» አለችው። ቁራ አልበረረም።

የሌሊቱ ጨዋታ የተራቹ ነው፤ ምርጫው ግን የተራቹ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1911 በፓሪስ፣ በፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ፣ ለአንዲት መቀመጫ ኤድዋር ብራንሊና ማሪ ኩሪ ተወዳደሩ። ብራንሊ በፓሪስ የካቶሊክ ተቋም መምህር ነበር፤ የሬዲዮ ሞገድን የሚይዝ መሣሪያ በመሥራቱ ይታወቃል። ማሪ ኩሪ ከፖላንድ የመጣች፣ ሃይማኖቷን በወጣትነቷ የተወች፣ ከቶን ከሚቆጠር ማዕድን ከአንድ ግራም አሥረኛ እጅ ያህል የራዲየም ጨው ያወጣች፣ በ1903 የፊዚክስ ኖቤል የተካፈለች ናት። ጋዜጦቹ ግማሾቹ የቤተ ክርስቲያን፣ ግማሾቹ የሃይማኖት ተቃዋሚዎች ጠበቃ ሆነው ተፋለሙ። አይሁዳዊት ናት የሚል ወሬም ተነዛባት፤ አልነበረችም። ብራንሊ በሁለት ድምፅ በለጠ።

በሩን የዘጋው ሃይማኖት ብቻ ነው ለሚል፣ የሚላኗ ማሪያ ጋኤታና አኜዚ አለችለት። ጸሎተኛ ካቶሊካዊት ነበረች። የሂሳብ መጽሐፏን በ1748 ካሳተመች ከሁለት ዓመት በኋላ በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ የሂሳብ መምህርነት የሾማት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ቤኔዲክቶስ 14ኛ ነው።

ማሪ ኩሪ በዚያው በ1911 መጨረሻ ሁለተኛውን ኖቤል፣ የኬሚስትሪውን፣ ወሰደች። ለአካዳሚው ግን ዳግመኛ አልተወዳደረችም። ልጇ ኢሬን ዦልዮ ኩሪ በ1935 ኖቤል ወስዳም በሩ አልተከፈተላትም። የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ሴትን በሙሉ አባልነት የተቀበለው በ1979 ነው፤ የሂሳብ ሊቋን ኢቮን ሾኬ ብሩዋን።