ፈጥነህ የት ልትደርስ?

«ለሐበሻ ደግሞ ሩጫ ሊያስተምሩት!» ትላላችሁ አሉ። ሩጫውን ማን ነካባችሁ? እግራችሁን ያማ የለም። እኔ የምጠይቀው ወዴት እንደምትሮጡ ነው። ጉም ውስጥ ኮምፓስ ሳያይ የሚሮጥ ፈጣን ሰው ከቀርፋፋው የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱ ርቆ ይጠፋል።

እኔና አንድ ወዳጄ «ኦሪጅናል ማውንቴን ማራቶን» ለሚባለው የተራራ ውድድር እየተዘጋጀን መሆናችን ከተሰማ ወዲህ፣ እዚህ ለንደን ቡና በተፈላበት ሁሉ ተረቡ አላባራም። ተረብ ደግሞ ዕዳ ነው፤ ሳይመልሱ አያድሩበትም።

ለማያውቀው፣ ውድድሩ እንዲህ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን በየዓመቱ በኦክቶበር መጨረሻ፣ ቅዳሜና እሁድ ብሪታኒያ ውስጥ ይካሄዳል። ሁለት ሁለት ሆነው ይሮጣሉ፤ መነጣጠል የለም። ድንኳኑን፣ የመኝታ ከረጢቱን፣ ማብሰያውን፣ የሁለት ቀን ምግቡን ጀርባቸው ላይ አዝለው ነው። ተራራው በየዓመቱ ይለወጣል። መድረስ ያለባቸው ነጥቦች የት የት እንደሆኑ የሚያዩት መነሻው ላይ ካርታው እጃቸው ሲገባ ነው። መሬት ላይ የተቀባ ቀስት የለም፤ የተወጠረ ገመድ የለም፤ ውሃ ይዞ መንገድ ዳር የሚቆም የለም። ከነጥብ ወደ ነጥብ በየት በኩል እንደሚኬድ የሚወስነው ሯጩ ራሱ ነው። በጂፒኤስ መመራት ክልክል ነው።

መጀመሪያ የተነሱብን ጋሼ ናቸው። ለንደን ውስጥ ጥቁሩን ታክሲ ሲነዱ የሸበቱ ሰው ናቸው፤ ምላሳቸው ግን አልሸበተም።

«የብሪታኒያ ተራራ ደግሞ ተራራ ተብሎ! ትልቁ ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ነው። አዲስ አበባ 2,300ን ታልፋለች። እኔ ሽሮ ሜዳ ተወልጄ ይሄን ልፍራ?»

«ጋሼ፣ ሽሮ ሜዳ ታክሲ አለ» አልኳቸው።

ከፍታውንማ ማን ፈራው? እዚያ ሰው የሚጎዳው ዝናብ አበስብሶት ነፋስ ሲጨመርበት ነው። አየሩ ከዜሮ በላይ ሆኖ እንኳ የረጠበ ሰው ሙቀቱን ያጣል። መጀመሪያ ጣቱ ካርታ ማጠፍ ያቅተዋል፤ ቀጥሎ ምላሱ ይተሳሰራል፤ ከዚያ አእምሮው ይሳሳታል፣ መሳሳቱንም አያውቀውም። በ2008 በሌክ ዲስትሪክት፣ ቦሮዴል በሚባለው ሸለቆ የሆነውን ያየ ሰው በከፍታ አይፎክርም። ወደ 2,500 የሚጠጉ ሯጮች በተሰለፉበት በዚሁ ውድድር ላይ ማዕበል መጣ፤ ጅረቶቹ ወንዝ ሆኑ፤ ውድድሩም በመጀመሪያው ቀን ተቋረጠ። የዜና ማሰራጫዎች 1,700 ያህል ሰዎች ያሉበት አልታወቀም እያሉ አገሩን አመሱት።

ከተራቢዎቻችን አንዱ የሆነ ጎረምሳ ይህን ስነግረው ከወንበሩ ተነሳ። «ይኸው! 1,700 ሰው በጠፋበት ነው አንተ የምትሄደው?»

«የጠፋውስ ዜናው ነው። ሯጮቹ ያሉበትን ያውቁ ነበር።»

እውነቱም ይህ ነው። አንዳንዱ ድንኳኑን ተክሎ አደረ፣ ሌላው በገበሬዎች ጎተራ ውስጥ ተጠለለ፣ ሌላው ሆኒስተር በሚባለው የድንጋይ ማዕድን ማውጫ ነጋለት። የሞተ ሰው የለም። ጀርባቸው ላይ ቤታቸው ነበራ! ቦርሳውን ጥዬ ቀለል ብዬ ልሩጥ የሚለኝ ሰው ስላለ ነው ይህን የማነሳው፤ ያ ቦርሳ ለጌጥ አልተፈጠረም።

አብረውን የተቀመጡት እትዬ ግን የቦርሳው ነገር አልተዋጠላቸውም። «ይሄን ሁሉ ተሸክሞ ሩጫ! አህያ ጠፍቶ ነው?»

«እትዬ፣ አህያ ይዘን ብንሄድ ቁልቁለቱ ላይ እሷን ራሷን ልንሸከማት ነው።»

«ቢሆንስ በውድድሩ ቅዳሜ ሌሊት የብሪታኒያ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አንድ ሰዓት እንቅልፍ ታተርፋላችሁ።»

«እርጥብ ድንኳን ውስጥ የተጨመረ ሰዓት እንቅልፍ አይባልም፣ እትዬ።»

ወደ ጎረምሳው ልመለስ። የዚህ ልጅ ዝግጅት ሱቅ ገብቶ መውጣት ነው። «እኔ ጫማዬን ገዝቻለሁ፤ ጨርሻለሁ» አለ።

«ጫማህ ሰሜንን ያውቃል?»

«ስልኬ ያውቃል።»

«ስልክህ ዝናብ ላይ ጣትህን አያውቀውም። ብርድ ላይ ባትሪው ካንተ ቀድሞ ይደክማል። ሁሉንም እሺ ቢልህ ዳኛው እንቢ ይልሃል። ይልቅ ጋሼን ጠይቃቸው፤ ጥቁር ታክሲ ለመንዳት ስንት መንገድ በቃላቸው እንዳጠኑ።»

ጋሼ ደረታቸው ተነፋ። «25,000 ገደማ! ከቻሪንግ ክሮስ 6 ማይል ዙሪያ ያለውን በሙሉ። ሞተር ሳይክል ላይ ካርታ ደቅኜ፣ ያውም በዝናብ።»

«ታዲያ እኛን በምን አፍዎ ይተርቡናል?»

«እናንተ በነፃ ነዋ የምትሮጡት! እኔ ቆጣሪ ነበረኝ።»

ይህችን ለጋሼ ለቀቅኩላቸው፤ ታምርባቸዋለች። ጎረምሳው ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ የመጨረሻ ጥይቱን ተኮሰ። «አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ካርታ ይዞ ነው ያሸነፈው?»

«ጫማ አልያዘም እንጂ መንገዱንማ ይዞታል!»

ይህ ለመልስ ያህል የተባለ አይደለም። በ1960 አበበ ከአሰልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር መንገዱን አስቀድሞ አጥንቶት ነበር። የአክሱም ሐውልት ያኔ ሮም፣ ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከመጨረሻው መስመርም ብዙ አይርቅም። ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎ የሚወጣበት ቦታ አድርጎ የያዘው ያንን ሐውልት ነው። በጨለማ፣ በችቦ ብርሃን፣ በባዕድ ከተማ፣ «እዚህ ስደርስ ይህን አደርጋለሁ» ብሎ ቀድሞ የወሰነ ሰው ነው 2:15:16 የገባው። እኛ ተራራ ላይ የምንለማመደው ይህንኑ ነው። የማይሳት ምልክት መርጦ፣ እዚያ ሲደርሱ ወዴት እንደሚታጠፍ ከመድረሳቸው በፊት ማወቅ። እግሩን ብቻ የሚያወሩለት ሰዎች ጭንቅላቱን ይሰርቁታል፤ እኔን የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው።

አንዱ ደግሞ ከጥግ «እኔ እረኛ ሆኜ ነው ያደግሁት፤ ካርታ ለምኔ?» አለ። እረኛ በመንደሩ ንጉሥ ነው፤ አልክድም። የዋስዴሉ በግ አርቢ ጆስ ኔይለር በ1975 ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሌክ ዲስትሪክትን 72 ጫፎች ረግጧል። ግን ውድድሩ አንተ መንደር አይመጣልህም ወንድሜ፤ አንተ ነህ የሰው መንደር የምትሄደው፤ ያውም በጉም።

አሁን ጎረምሳውን ካርታው ላይ ላስቀምጠው። መለማመጃችን 1:25,000 የሚባለው ነው፤ ካርታው ላይ 1 ሴንቲ ሜትር፣ መሬት ላይ 250 ሜትር። ቀጫጭኖቹ መስመሮች የከፍታ መስመሮች ናቸው፤ ተራራው ላይ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው 10 ሜትር ሽቅብ ወይም ቁልቁል አለ። ተጠጋግተው ካየሃቸው ጉልበትህን የሚጠይቅ ዳገት ነው፤ ተራርቀው ካየሃቸው ትሮጣለህ።

«ነጥቡ ከዚህ ጉብታ ማዶ ነው» አልኩት። «በየት ትሄዳለህ?»

«በቀጥታ ነዋ! አቋራጭ እያለ የሚዞር ሰው አለ?»

«አቋራጭህን ቁጠርልኝ።»

ቆጠርን። በቀጥታ 2 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሽቅብ 20 መስመር ስለሚያቋርጥ 200 ሜትር ዳገት አለው። ጉብታውን በወገቡ የሚዞረው 3.2 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዳገቱ 20 ሜትር ብቻ። እዚህ ላይ ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 የተወልን ስሌት አለ። ለ5 ኪሎ ሜትር መንገድ 1 ሰዓት ያዝ፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ሌላ 1 ሰዓት ጨምር ይላል። ሲጨመቅ አንድ ሜትር ሽቅብ፣ ስምንት ሜትር ሜዳ ያህል ያስከፍላል ማለት ነው። የእሱ አቋራጭ 2,000 ላይ 1,600 ተጨምሮ 3,600 ሆነ። የእኔ ዙሪያ 3,200 ላይ 160 ተጨምሮ 3,360።

«በ240 ሜትር ቀድሜህ ሻይ አፈላለሁ» አልኩት።

«መሬቱ ረግረግ ቢሆንስ?» አለ። ደስ አለኝ! ልጁ መጠየቅ ጀመረ። ረግረግ ከሆነ ስሌቱ ሊገለበጥ ይችላል፤ ለዚህ ነው ከመስመሮቹ ሌላ ሰማያዊ ምልክቶቹንም የምናነበው።

ቀጠልኩ። «ነጥቡ ወንዝ ዳር ነው እንበል። ሜዳው ገላጣ ነው፣ ጉም ነው፣ በኮምፓስ ትሄዳለህ። ወዴት ታነጣጥራለህ?»

«ነጥቡ ላይ!»

«እኔ ግን ሆን ብዬ ወደ ግራው እስታለሁ።»

ቤቱ ሳቀ። «አላልኳችሁም? መሳትን የሚለማመድ ሰው!» አሉ ጋሼ።

«ቆይ፣ ወንዙ ጋ ደረስክ፤ ነጥቡ የለም። ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ?»

ጎረምሳው ዝም።

«እኔ ወደ ግራ እንደሳትኩ ስለማውቅ ወደ ቀኝ እታጠፋለሁ። አንተ እዚያው ቆመህ ሳንቲም ትወረውራለህ።»

ይህን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ማወቅ አይበቃም። ኪንደር ስካውት የሚባለው ተራራ ላይ ውጡና እዩት፤ 636 ሜትር ብቻ ነው፣ ስሙን ጠርታችሁ የምትስቁበት ከፍታ። አናቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ያን ጠፍጣፋ መሬት ውሃ ያዘለ ጥቁር አፈር ሸፍኖታል፤ ጎርፍ ደግሞ አፈሩን ሰው በሚውጥ ቦይ ሸንሽኖታል። ቦዩ ውስጥ ስትገባ ከሰማይ በቀር የምታየው የለም። ቦዩ ይጠማዘዛል፣ አንተም ሳታውቀው አብረኸው ትጠማዘዛለህ። እዚያ የምናደርገው ይህ ነው፦ ካርታውን አጥፎ ያለንበትን በአውራ ጣት መያዝ፤ የካርታውን ሰሜን ከመርፌው ጋር ማስማማት፤ ከቦዩ በወጣን ቁጥር እንደገና ማየት፤ እርምጃን መቁጠር። ጣታችን የቆመበትና እግራችን የቆመበት አንድ መሆናቸውን ሳናረጋግጥ አንቀሳቀስም። ጠዋት ላይ አሰልቺ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሕይወት ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት እትዬ ናቸው፤ በዚህ ከእኔ ጋር ናቸው።

«በቃ እኔ ልሩጥልህ» አለ ጎረምሳው። «ጓደኛህን ተወው፤ እኔ እፈጥናለሁ።»

«ተሳስቻለሁ ብለህ ታውቃለህ?»

«ተሳስቼ አላውቅማ!»

«ለዚህ ነው የማልወስድህ።»

ለጥንድ ሩጫ የሚመረጠው ሰው «ቆይ፣ ይሄ ጅረት ካርታው ላይ የለም» ብሎ የሚያስቆምህ ነው። አሜሪካ፣ ቴነሲ ውስጥ የሚካሄደውን ባርክሊ ማራቶንን ተመልከቱ፤ አምስት ዙር በ60 ሰዓት፣ ያለ ጂፒኤስ። በ2017 ጋሪ ሮቢንስ በመጨረሻው ዙር እንቅልፍ ባጣ ዓይኑ ጉም ውስጥ መንገድ ስቶ፣ በተሳሳተው አቅጣጫ መጥቶ የውድድሩ ማብቂያ የሆነውን በር ነካ። ከ60 ሰዓት ያለፈው 6 ሰከንድ ነበር። ሰዓቱ ቢደርስለት እንኳ መንገዱን ሁሉ ስላልሸፈነ አይቆጠርለትም ነበር። በ2024 ብሪታኒያዊቷ ጃስሚን ፓሪስ እዚያው 59:58:21 ገባች፤ ውድድሩን የጨረሰች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። 99 ሰከንድ ነው የቀራት። እንዲህ በሰከንድ ለሚያልቅ ነገር አንድ የተሳሳተ ሸንተረር ስንት ያስከፍላል? ጎረምሳው ራሱ አሰላው፤ መልሱን አልነገረንም።

በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኪንደር ስካውት ስትወጡ ልምጣ?» አለኝ።

«ና። ኮምፓስ፣ ዝናብ የማያስገባ ልብስ ከላይም ከታችም፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ የግንባር ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ድንኳን።»

«ስልክስ?»

«ያዘው፤ አጥፍተህ፣ በፌስታል ጠቅልለህ፣ ከቦርሳው ሥር። አደጋ ከደረሰ 999 ትደውላለህ፤ መጀመሪያ ፖሊስ፣ ቀጥሎ የተራራ ነፍስ አድን ትላለህ።»

«ኔትወርክ ባይኖርስ?»

«ፊሽካህን በአንድ ደቂቃ ውስጥ 6 ጊዜ ትነፋለህ። አንድ ደቂቃ ትጠብቃለህ። ትደግማለህ።»

«ከዚያስ እሮጣለሁ?»

«ከዚያማ ድንኳንህ ውስጥ ግባና ቁጭ በል! የሚፈልጉህ ሰዎች አንተን ማሳደድ የለባቸውም።»