ሌባን በቩቩዜላ

የ2010ሩ የደቡብ አፍሪካ የዓለም ዋንጫ አልቆ ጆሯችን ገና ከቩቩዜላ ጩኸት ሳያገግም፣ ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ ጌም ሠሪ ለዚያ ጩኸት ሌላ ሥራ አገኘለት። (ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) በዚያው ዓመት መጨረሻ ኒንቴንዶ ዲኤስ ለምትባለው ባለ ሁለት ስክሪን የእጅ መጫወቻ የማይክል ጃክሰንን ጌም አወጣ። ገዝቶ የተጫወተ ማይክልን ይሰማል። ኮፒውን በነፃ ያወረደ ግን ዘፈኑ ላይ የተለቀቀ ቩቩዜላ ይጠብቀዋል፤ መንካት ያለበት ምልክትም ከስክሪኑ ይጠፋበታል። ክስ አያስፈልግ፣ ፖሊስ አያስፈልግ፤ ጎረቤት እስኪማረር ማስነፋት ብቻ።

በዚያው ዓመት በወጡት የፖክሞን ጌሞችም ኮፒ የሚጫወት ልጅ ፍጥረቶቹን ቀኑን ሙሉ ሲያዋጋ ቢውል ነጥብ አይቆጠርላቸውም፤ አያድጉም። ለተንኮሉ የፈሰሰውን ምናብ ሳይ፣ ምነው አንዳንዱ ጌም ላይም ይህን ያህል በተጨነቁ እላለሁ።

የድሮው ጥበቃ ግን ከሁሉም ያስቀኛል። በ1989 የወጣው የኒንቴንዶ ኩባንያ የእጅ መጫወቻ ጌም ቦይ ሲበራ ካርትሪጁ (ጌሙን የያዘው ተሰኪ) ውስጥ የኒንቴንዶን አርማ ይፈልጋል፤ ካጣው ንቅንቅ አይልም። ያለፈቃድ ካርትሪጅ የሚሠራ ሁሉ አርማውን ለመስረቅ ይገደዳል፣ ያኔ በንግድ ምልክት ይከሰሳል። የጠበቃ ብልጠት ነው። ችግሩ፣ መሣሪያው አርማውን ሁለት ጊዜ ነበር የሚያነበው፤ አንዴ ለማሳየት፣ አንዴ ለመፈተሽ። ብልጣብልጥ ካርትሪጅ ሠሪዎች ለማሳያው የራሳቸውን አርማ፣ ለፍተሻው የኒንቴንዶን ያቀብሉት ጀመር። መሣሪያውም አምኖ አሳለፋቸው።

ሌባውም ቢሆን ከጉድ የጸዳ አይደለም። ኮፒ በሚታደልባቸው ድረ ገጾች ላይ ለዓመታት «ካወረዱ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ይደምስሱ» የሚል ምክር ይለጠፍ ነበር። እንዲህ የሚል ሕግ የለም። በፆም ክትፎ በልቶ ሳህኑን ቶሎ ያጠበ አልገደፈም እንደማለት ነው። ደምስሶ የሚያውቅ ሰው ካለም እስካሁን አላጋጠመኝም። ይልቅ ሺህ ጌሞች በየፊደል ተራቸው ደርድሮ አንዱንም ሳይከፍት የሚያድር ሞልቷል።

ታዲያ ነገሩን የሚያወሳስበው ይኸው አግበስባሽ ነው። በሐቅ የተገዛው ካርትሪጅ ያረጃል። የፖክሞን ጎልድና ሲልቨር ካርትሪጆች ልጁ የደረሰበትን ደረጃ የሚይዙት በአንዲት ክብ ባትሪ ነው፤ ባትሪዋ ስትሞት የልጅነት ድካም ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ኒንቴንዶ ስሪዲኤስ የተባለችውን የእጅ መጫወቻውን የኢንተርኔት ሱቅ መጋቢት 27 ቀን 2023 ዘጋ፤ እዚያ ብቻ ይሸጥ የነበረውን ጌም ዛሬ ብር ይዞ የመጣ ሰው እንኳ ከኩባንያው መግዛት አይችልም። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በዚያው ዓመት ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡ ጌሞች 87 በመቶው ገበያ ላይ የለም። ከጌም ቦይ ጌሞች የሚገኘውማ 6 በመቶ አይሞላም። ቀሪው የት አለ ቢባል፣ ቩቩዜላ የተነፋበት ሰውዬ ቤት።

ቤተ መጻሕፍትና የቅርስ ጠባቂዎች ይህን አይተው፣ ከገበያ የወጡ ጌሞችን ተመራማሪ ከቤቱ ሆኖ እንዲያያቸው ይፈቀድልን ብለው ለአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ አመለከቱ። ጥቅምት 2024 እምቢ ተባሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ፦ ሰዎች ጌሞቹን ለመዝናኛ ያውሏቸዋል የሚል ሥጋት። ጌምን! ለመዝናኛ! እንዲህ ያለ ድፍረት በእርግጥም በሕግ መታገድ አለበት።

ገበያ ሳይወጣ የቀረ ጌም ብቸኛ ናሙና በእጁ የገባ ሰብሳቢም አለ። ወደ ኮምፒውተር ገልብጥልን ሲሉት፣ ኮፒው ከወጣ ዋጋዬ ይወርዳል ብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። ራሱም አይጫወትበትም፤ ሊቧጨርበት ይችላላ።

የሰሞኑ ወጣት ደግሞ ከሁሉም በልጧል። በ2020 አካባቢ ማሪዮ ፓርቲ ዲኤስ የተባለው ጌም ኮፒ ሲሆን የሚያወጣው አስፈሪ ማስጠንቀቂያ ተብሎ አንድ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ተለቀቀ። ጌሙ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ አንድ አድናቂ የፈጠረው ነው። ሌሎችም ተከተሉት፤ ኩባንያዎቹ ጨርሰው ላላሰቡት ጌም ሁሉ ማስጠንቀቂያ ተሠራለት። ፎርጂድን ለመከላከል የወጣው ማስጠንቀቂያ ራሱ ፎርጂድ ወጥቶለታል፤ ተመልካቹም ከእውነተኛው ይልቅ እሱን ይመርጣል።