ለወንጪ ዳገት የሚሆን ካሜራ

የፊልም ካሜራ ልገዛ ነው ስል የሰማ ሁሉ «ስልክህ ተበላሸ እንዴ?» ይለኛል። ስልኬ ደህና ነው፤ ተመልሼ በማላያቸው ፎቶዎች ተጨናንቋል እንጂ። 36 ፎቶ ላይ ሲደርስ «በቃህ» የሚለኝ ዕቃ አማረኝ። እናቴ ሠርግ እየቀረጽኩ እንጀራ ልበላ መስሏት ደስ ብሏታል፤ እኔም ዝም ብያለሁ።

ችግሩ ክብደቱ ነው። የአምቦ ሰው ካሜራ ከያዘ ወንጪ መውጣቱ አይቀርም፤ የወንጪ አፋፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሐይቁ ድረስ መውረዱ ቀላል ነው። ሲመለሱ ግን አንገት ላይ የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ ይከብዳል። ፈረስ አከራዮቹ ይህን ስለሚያውቁ ዳገቱ እኩሌታ ድረስ ዝም ብለው አብረው ይራመዳሉ። ዋጋ የሚጠሩት ትንፋሽህ ሲቆራረጥ ነው።

በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት የተማሩ የሰፈራችን ጋሼ «ምን ያደክምሃል ልጄ» ብለው ዜኒት-ኢ ካሜራቸውን ከነቆዳ ቦርሳው አዋሱኝ። ገበያ ወስጄ ካሜራውን ብቻ በርበሬ ሻጭ ደንበኛዬ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። በወዲያኛው በኩል የኪሎ ብረቷን ጣለች። ሚዛኑ ትንሽ ተወዛውዞ ሊስተካከል ምንም አልቀረውም። «ጥቂት ይጎድለዋል፣ ልሙላልህ?» አለችኝ በርበሬ ዘግና። ለጋሼ ብነግራቸው ግን «ታዲያ ሌባ በምን ልትመታ ነው?» ብለው ተቆጡ።

በእርግጥ እንደ ዜኒት ያለው ባለ መስታወት ካሜራ፣ ኤስኤልአር የሚሉት፣ የሚከብደው ያለ ምክንያት አይደለም። ሌንሱ ያየውን መስታወቱ ወደ ላይ ይመልሰዋል፤ ፕሪዝሙ አቃንቶ ዓይን ላይ ያደርሰዋል። ቁልፉን ስትጫን መስታወቱ ብድግ ይልና ብርሃኑ ፊልሙ ላይ ያርፋል። «ቸክ» የሚለው ድምፅ ይኸው ነው። ይህን ሁሉ ዕቃ በትንሽ ሣጥን የከተተው ማይታኒ የሚባል የኦሊምፐስ መሐንዲስ ነው። ካሜራው እ.ኤ.አ. በ1972 ኤም-1 ተብሎ ወጣ፤ ላይካ «ኤም የእኔ ስም ነው» ብሎ ቢያኮርፍ ኦኤም-1 ተባለ። ያለ ሌንስ 510 ግራም ገደማ ነው።

ከእሱ የሚቀልም አለ። የ1979ኙ ፔንታክስ ኤምኢ ሱፐር 445 ግራም ነው። የ1999ኙ ካኖን ኢኦኤስ 300 ጭራሽ 355 ግራም፤ ፕላስቲክ ነዋ! እዚህ ላይ ልቤ ተከፍሎ ነበር። አንድ ነገር ግን አለ፦ ካኖኑ ሁለት ሲአር2 ባትሪ ካልጎረሰ አይነቃም። ይህን ባትሪ ሱቅ ብጠይቅ ልጁ የሪሞት ባትሪ አወጣልኝ። አይሆንም ብለው የግድግዳ ሰዓት ባትሪ አመጣ። ኤምኢ ሱፐር ባትሪው ቢሞት በአንዲት ፍጥነት ብቻ፣ በ1/125 ሰከንድ፣ ይሠራል። ኦኤም-1 ግን ባትሪ የሚፈልገው ብርሃን ለመለካት ብቻ ነው። በመስከረም ፀሐይ ደግሞ ለአይኤስኦ 100 ፊልም ሌንሱን 16 ላይ፣ ፍጥነቱን 1/125 ላይ ካደረጉት ለካው አልለካው ምን ቸገረኝ?

ወዳጄ ደግሞ ፊልሙን በአምቦ ውሃ እንጠበው ይላል። ማዕድን ያለበት ውሃ ሲደርቅ ኔጌቲቩ ላይ ነጠብጣብ እንደሚተው ብነግረው «ለሆድ የተስማማ ለፊልም እንዴት ይጎዳል?» ብሎ ተከራከረኝ። የመጨረሻው እጥበት በተጣራ ውሃ ነው የሚሆነው፤ አምቦው ከክትፎ በኋላ ይጠጣል።

ፍርዴን ልስጥ፦ ኦኤም-1 ከ50 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር። አሮጌ ስለሚሆን ስትገዙ ጀርባውን ከፍታችሁ ብርሃን የሚከለክለው ስፖንጅ መበስበሱን እዩ፤ በአንድ ሰከንድ ፍጥነት ተኩሳችሁም አድምጡ። ከውጭ የምትመጡ ወገኖቼ ደግሞ ፊልም ስታመጡልኝ ለጭነት በምትሰጡት ሻንጣ አትክተቱት፤ የዚያ ኤክስሬይ ያበላሸዋል። በእጃችሁ ያዙና ፈታሹን «እባክህ በዓይንህ እየው» በሉልኝ።