በገዛ ስልኬ ተከራይ

ስልኩን የገዛሁት በገንዘቤ ነው፤ ደረሰኙም እጄ ላይ አለ። ከፋብሪካ ተጭኖ የመጣውን፣ ማንም የማይነካውን የጨዋታ መተግበሪያ ላጥፋ ስል ግን ስልኩ እንቢ አለኝ። ቢበዛ መደበቅ ይፈቀድልኛል። ለካ እኔ ግድግዳ ላይ ሚስማር ለመምታት አከራይ ማስፈቀድ ያለብኝ ተከራይ ነኝ!

ለዚህ በሽታ ወጣቶቹ የሚያዙት መድኃኒት «ሩት ማድረግ» ነው። አንድሮይድ የቆመው ሊኑክስ ላይ ነው፤ በሊኑክስ ዘንድ ደግሞ ሁሉን ማየት፣ ሁሉን መለወጥ፣ ካሻውም ሁሉን መደምሰስ የሚችል፣ ሩት የሚባል አንድ የበላይ ተጠቃሚ አለ። ስልኬ ውስጥም አለ። እኔ ግን እሱ አይደለሁም።

ይህ ሥልጣን አንድ ጊዜ ሳይታሰብ ለሕዝብ ታድሎ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣችው የመጀመሪያዋ የአንድሮይድ ስልክ፣ ጂ1፣ ሰው የሚጽፈውን ሁሉ በጓሮ በር ለዚሁ የበላይ ተጠቃሚ እንደ ትእዛዝ ታቀብል ነበር። ነገሩ የተጋለጠው አንድ ሰው ከፍቅረኛው ጋር መልእክት ሲለዋወጥ ነው ይባላል። ለምን ዘገየህ ብትለው፣ ስልኬን አጥፍቼ እያስነሳሁ ነበር ሊል «ሪቡት» ብሎ ጻፈ፤ ስልኩም ትእዛዙን ተቀብሎ ጠፍቶ ተነሳ። ምክንያት ሰጥቶ ወዲያው ማስረጃ የቀረበለት ወንድ ከእሱ ሌላ አላውቅም። ጉግል ቀዳዳውን ፈጥኖ ደፈነው።

እኛ አገር ሩት የተለመደው በቅብጠት ብቻ አይደለም። በአንድሮይድ የመጀመሪያ ዓመታት ብዙ ስልኮች ፊደላችንን አያውቁትም ነበር፤ የእናት ሰላምታ ባዶ ሳጥን ሆኖ ተደርድሮ ይመጣል። የግዕዝ ፎንት ሲስተሙ ውስጥ ለማስገባት ስልኩን ሩት ማድረግ ግድ ይል ነበር። ያ በቂ ምክንያት ነው። የእኔ ምክንያት ከዚያ ጋር ሲተያይ ትንሽ ያሳፍራል።

ቢሆንም ሞባይል ጠጋኙን ልጅ አማከርኩት። «ጋሼ፣ ቀላል ነው! ቡትሎደሩን ከፍተን ማጂስክ የሚባለውን የሩት ማድረጊያ እንጭናለን፤ አለቀ» አለኝ። ምኑ ነው የሚያልቀው? ቡትሎደሩ፣ ማለትም ስልኩን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ሲከፈት ስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ፎቶውም፣ የዕቁቡ ሒሳብም። ሳምሰንግ ስልኮቹ ውስጥ እንዲህ ሲነካኩ የሚቃጠል፣ አንዴ ከተቃጠለም የማይመለስ ፊውዝ አኑሯል፤ የፋብሪካውን ሶፍትዌር መልሰህ ብትጭን እንኳ ያስታውስብሃል። ሻዎሚ ደግሞ ቡትሎደሩን ለመክፈት አመልክት፣ ከዚያ 168 ሰዓት ጠብቅ ይል ነበር። ሳምንት ማለት ከብዷቸው መሆን አለበት።

ከሁሉ የከፋው የባንኩ ጉዳይ ነው። ብዙ የባንክ መተግበሪያዎች ስልኩ ሩት መደረጉን ካሸተቱ አይከፈቱም። ልጁ ለዚህም መላ አላጣም። «እንደብቀዋለን!» አለኝ። እንግዲህ የስልኬ ባለቤት ለመሆን ተዋድቄ፣ ባለቤት መሆኔን ከባንኬ ስደብቅ ልኖር ነው። አዲስ ዝማኔ በመጣ ቁጥር ደግሞ ድብብቆሹ እንደገና ይጀመራል። ተከራይነት ቢያንስ እንቅልፍ አይነሳም።

ቤት ገብቼ ነገሩን ለባለቤቴ በሰፊው አስረዳኋት፤ ሊኑክሱንም፣ ፊውዙንም፣ የነፃነትን ትርጉምም። በጥሞና አዳመጠችኝና «የመብራቱን በምን ልትከፍል ነው?» አለች። ባለሙያዎች የጻፉትን ሁሉ አንብቤ እንዲህ ያለ አጭር መከራከሪያ አላገኘሁም።

አዲሱ ስልክ ተረፈ። መሳቢያ ውስጥ የቆየውን፣ መስታወቱ የተሰነጠቀውን አሮጌ ስልክ ግን ለጠጋኙ ልጅ ሰጠሁት፤ እሱ ላይ ባንክም የለ፣ ዕቁብም የለ። ሩት ሆኖ በመጣ ምሽት አንድ ፋይል ማደራጃ ጫንኩበት። ወዲያው መስኮት ብቅ አለና ይህ መተግበሪያ የበላይ ሥልጣን ይጠይቃል፣ ትፈቅዳለህ ወይስ ትከለክላለህ አለኝ። ክልከላው አጠገብ ሰከንዶቹ ወደ ታች ይቆጥራሉ፤ ዝም ካልኩት ራሱ ይከለክላል። መተግበሪያውን የጫንኩት እኔ፣ የምፈልገውም እኔ ነኝ። ቢሆንም ወንበሬ ላይ ተመቻችቼ ተቀመጥኩና «ከልክል» የሚለውን ተጫንኩ። «ነገ ተመለስ» የሚል ቁልፍ አለመኖሩ ብቻ ቆጨኝ።