ለጭላዳ ኩስ የመውጫ ቪዛ

ሰሜን ተራሮች ላይ ጠዋት ጠዋት የሚታይ ትዕይንት አለ። ዲግሪ በዲግሪ ላይ የደረበ ተመራማሪ ጓንቱን አጥልቆ፣ ብልቃጡን ይዞ አንዲት ጭላዳ ይከተላል። እሷ ሣሯን እየነጨች ታዘግማለች፤ እሱ ከኋላዋ፣ ጠመንጃ ያነገተው ስካውት ደግሞ ከእሱ ኋላ። ሁለት ጎልማሶች የሚጠብቁት አንድ ነገር ነው፦ እስክትጸዳዳ።

መሳቅ ይቻላል፤ ሥራው ግን የዋዛ አይደለም። ከኩሷ ሆርሞን ይለካል፤ መርፌ ሳትወጋ፣ እጅ ሳይነካት ማርገዝ አለማርገዟ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት፣ አዲስ አውራ ቤተሰቡን ሲነጥቅ የአብዛኞቹ እርጉዞች ጽንስ እንደሚቋረጥ የደረሰበት በዚሁ ኩስ ነው።

መሬት ላይ ሳለ የገብስ ማሳ የሚጠብቅ ልጅ ቢረግጠው ጠያቂ የለውም። ብልቃጥ ሲገባ ግን ሕግ ከእንቅልፉ ይነቃል። አዋጅ ቁጥር 482/1998 (ሙሉ ስሙን በአንድ ትንፋሽ የጨረሰ ይሸለም፦ «የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦት እና የማኅበረሰብ መብቶች») የጄኔቲክ ሀብት ባለቤቱ መንግሥትና ሕዝብ ነው ይላል። እንግዲህ ዲኤንኤ ሊወጣው ከሆነ ሁላችንም ከዚያ ኩስ ላይ ድርሻ አለን ማለት ነው። ጄኔቭ ተቀምጦ የዱር እንስሳት ንግድን የሚቆጣጠረው ሳይተስ ደግሞ ጭላዳን በሁለተኛው አባሪው መዝግቧታል፤ ደሟና ፀጉሯ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገሩም። ኩሷስ? ራሷ የጣለችው ቆሻሻ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም ይላል። ኩሱ ላይ አንዲት ፀጉር ተጣብቃ ብትገኝ ምን ሊባል ነው? አሜሪካ ሲደርስ አትላንታ ያለው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ይቀበለዋል፤ ከዝንጀሮ ወገን የመጣ ነገር በሽታ እንዳይዝ ተደርጎ ካልተዘጋጀ ፈቃድ አምጣ ነው። ያው አንድ ኩስ አዲስ አበባ ሀብት፣ ጄኔቭ ቆሻሻ፣ አትላንታ አደጋ ሆኖ አረፈው።

ሕጉ በከንቱ አልወጣም፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ መጥቶ እንስሳቱን ከነብራና መጻሕፍቱ ጭኖ ፍራንክፈርት ሲገባ ቅጽ ያስሞላው አልነበረም። ጭላዳንም ቀይ ቀበሮንም ለሳይንስ ስም ያወጣላቸው እሱ ነው። በዘመናችን ደግሞ አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት አውጥቶ፣ ሔግ ያለ ፍርድ ቤት እስኪሽረው ድረስ በገዛ እንጀራችን ጉድ አሰኝቶናል። ይጠየቅ፤ አጥብቆ ይጠየቅ።

የሚገርመኝ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ነው። የአቦሸማኔ ግልገል በሶማሌላንድ በኩል ባሕር ተሻግሮ የባሕረ ሰላጤው ባለጸጋ ግቢ ሲገባ፣ ኮንትሮባንዲስቱ «የምርምሩ ዓላማ» የሚል ሳጥን አልሞላም። ማኅተም ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ የሚንከራተተው በገዛ እግሩ መጥቶ «ኩስ ልወስድ ነው» ያለው ሰው ነው። አንዱ ቢሮ የሌላውን ደብዳቤ አስቀድመህ አምጣ ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ የአንዱን።

ይህን ሁሉ አልፎ የጉምሩክ ወረቀቱ ላይ «ዋጋ» የሚለው ቦታ ሲደርስ እስክሪብቶው ይቆማል። ዝቅ አድርጎ እንዳይጽፍ፣ ከፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ወደ ብሪስቤን የተላኩት ከመቶ ዓመት በላይ የቆዩ 105 የደረቁ ዕፀዋት ትዝ ይሉታል። ወረቀታቸው ተጓድሎ፣ ዋጋቸውም 2 ዶላር ተብሎ ስለተገኘ የአውስትራሊያ ኳራንታይን እ.ኤ.አ. በ2017 አቃጥሏቸዋል። ከፍ አድርጎ እንዳይጽፍ ደግሞ፣ አዲስ አበባ ላይ የፈረመው ውል ጥቅም መጋራት የሚል አንቀጽ አለው፤ «ኩሱ ይህን ያህል ካወጣ የሕዝቡ ድርሻ የታል?» የሚል ደብዳቤ ሊከተለው ነው።