በረካ ለራዲያተር

ቨርጂኒያ፣ የሐበሻ ጋራዥ። ሽማግሌው የቀድሞ ላዳ ነጂ ናቸው፤ አፋቸው ከሞተራቸው ይፈጥናል። መካኒኩም የዋዛ አይደለም። የራዲያተሩ መክፈቻ ተፈቶ ሻይ የመሰለ ፈሳሽ ባልዲው ውስጥ እየተንጠባጠበ ነው።

«ጋሼ፣ አዲስ ኩላንት አለ፤ ተጣርቶ የታደሰም አለ። የታደሰው ይረክሳል።»

«ሰው የደፋውን ልትሞላብኝ?»

«መኪናዋ እርስዎ ጋ እስክትደርስ ሦስት ባለቤት ቀይራለች፤ ኩላንቱን ብቻ በድንግልና ይፈልጋሉ?»

«በረካ ልታጠጣት ነው በለኛ!»

«በረካ ይቀጥናል። የኩላንቱ ዋና ፈሳሽ ግላይኮል ግን እንዲህ በቀላሉ አያረጅም። ቀድሞ የሚያልቀው አብሮት ያለው ፀረ ዝገት ነው፤ እሱ ሲያልቅ ፈሳሹ አሲድ ይሆንና ብረት መብላት ይጀምራል።»

እዚህ ላይ ከልጁ ጋር ነኝ። የማጣሪያው ሥራ ድግምት አይደለም። አስቀድሞ ዝቃጩና ዘይቱ ይወገዳል፤ አለዚያ የሚያጣራው ስስ ሽፋን፣ ሜምብሬኑ፣ በአንድ ቀን ይደፈናል። ቀጥሎ ፓምፕ በግፊት ይገፋዋል፤ ጥቃቅኖቹ የውሃና የኤትሊን ግላይኮል ሞለኪውሎች ሾልከው ያልፋሉ፤ የዝገት ብናኝ፣ የተረፈ ዘይትና ከብየዳው የሟሟው እርሳስ በአብዛኛው ወዲያ ማዶ ይቀራሉ። መጨረሻ ላይ አዲስ ፀረ ዝገት ይጨመርበታል።

«ቀለሙስ?»

«ይጨመርበታል። የአዲሱም አረንጓዴ የተጨመረ ነው፤ ግላይኮል ሲፈጠር ቀለም የለውም።»

«እኛ አዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ ሞልተን ነው ያረጀነው። በረዶ የት አለና!»

«በረዶማ የለም። ግን እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እንጦጦ ዳገት ላይ ላዳዎ ስንቴ ፈላ?»

«የምፈላውስ እኔ ነበርኩ፤ ላዳዋ ጨዋ ናት።»

«እዚህ ደግሞ ውሃ ብቻ ከሞሉ ክረምት ሞተሩን ይሰነጥቀዋል። ግማሽ በግማሽ ከግላይኮል ጋር ሲሆን ግን ከዜሮ በታች እስከ 37 ዲግሪ ይችላል።»

«በል እሺ፣ የታደሰውን ሙላ። ይሄን አሮጌ ግን እዚያ ቦይ ውስጥ ድፋውና እንገላገል።»

«ይጣፍጣላ! ውሻ ይልሰውና ኩላሊቱ ያልቃል። ሰውም ከጠጣው ያው ነው።»

«መድኃኒት የለውም?»

«ሆስፒታል ፎሜፒዞል ይሰጣሉ። እሱ ከታጣ ሐኪሙ አልኮል ያዝለታል።»

«አሁን ገና ቁም ነገር አወራህ!»

«ሐኪሙ ነው ያልኩት፣ ጋሼ። ይልቅ ባልዲውን ያቀብሉኝ፤ ወደ ማጣሪያ የሚሄድ ነው።»